የመረቡን ዘብ በተግባር እናሠልጥን

የሰው ልጅ ሠርቶ ያፈራውን ሀብት የመጠበቅ ተግባር ከማምረት ተግባሩ ተነጥሎ የታየበት ዘመን የለም። ገበሬው እህሉን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ ከነቀዝ፣ ከአይጥና ከሌባ ለመከላከል ይተጋል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ዘበኛ ያቆማል። የከተማው ነዋሪም ሰፈሩን በየተራ ሲጠብቅ ኖሯል። የጥበቃው መሣሪያና ስልት የሚወሰነው ግን በሀብቱ ዓይነትና ሀብቱ በተከማቸበት ቦታ ነው። ለጎተራ የሚበጀው ጥበቃ ለባንክ ካዝና አይበቃም፤ ለካዝና የሚበጀውም ግድግዳና በር ለሌለው ሀብት አይበቃም።

እንደሚታወቀው ዛሬ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ጉልህ ክፍል የሚገኘው ግድግዳና በር በሌለው ቦታ፣ ማለትም በኮምፒዩተሮችና ኮምፒዩተሮቹን በሚያገናኘው መረብ ውስጥ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ በሒሳቡ ገቢ የሚሆነው በመረብ ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉሊት የምትቸረችር እናት ሳትቀር ገንዘብ የምትቀበለውና የምትልከው በእጅ ስልኳ ሆኗል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት፣ በተለምዶ ፋይዳ የምንለው፣ የዜጋውን የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌን ምልክትና የፊት ገጽታ መዝግቦ ይይዛል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ በሌላ ይተካል፤ የጣት አሻራ ግን ቢሰረቅ ምትክ የለውም።

ከዚህ በመነሣት የመረብ ደኅንነት የጥቂት ባለሙያዎች የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዱ ሠራተኛና የእያንዳንዱ ነዋሪ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። በዚህም ጎተራ በር ላይ የሚቆመው ዘብ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ በኮሌጆቻችንና በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ነው። ስለዚህ ይህ ወጣት እንዴት እየተዘጋጀ ነው የሚለው ጥያቄ የመምህራን ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም። ሀብቱ የእኛ እስከ ሆነ ድረስ ጥያቄውም የእኛ ነው።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ጥበቃ የሚለመደው በጥበቃ ላይ ነው። የመረብ ዘብ ከመማሪያ መጽሐፍና ከፈተና ወረቀት ብቻ አይወጣም፤ ሊወጣም አይችልም። ንድፈ ሐሳቡ በተግባር ካልተፈተነ፣ ተግባሩም በንድፈ ሐሳብ ካልተመራ፣ በእጃችን የሚቀረው ዲግሪ እንጂ ዘብ አይደለም።

በቅድሚያ ሙያው ራሱ ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የመረብ ደኅንነት በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ እነዚህም ምስጢራዊነት፣ ትክክለኛነትና ዝግጁነት ናቸው። ስያሜዎቹ እንግዳ ቢመስሉም ጉዳዩ ለእድር አባል አዲስ አይደለም። የእድሩ መዝገብ ማየት የማይገባው ሰው እንዳያየው ይጠበቃል፤ ይህ ምስጢራዊነት ነው። ማንም ተደብቆ የመዋጮውን ቁጥር እንዳይሰርዝና እንዳይደልዝ ይጠበቃል፤ ይህ ትክክለኛነት ነው። ለቅሶ በተደረሰበት ሰዓት ደግሞ መዝገቡም ገንዘቡም በቦታው መገኘት አለበት፤ ይህ ዝግጁነት ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው እድር እድር እንደማይባል ሁሉ፣ ከሦስቱ አንዱ የጎደለው መረብም ተጠበቀ አይባልም።

የዘቡ የዕለት ሥራም ከሩቅ እንደሚታሰበው ምትሐት አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስንት ኮምፒዩተር፣ ስንት ራውተርና ስንት ስዊች እንዳለ ቆጥሮ ያውቃል። የማያስፈልገውን በር ይዘጋል። የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲወጣ ሳይውል ሳያድር ይጭናል። የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠው ቅጂም በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን በየጊዜው ይፈትሻል። ሎግ የተባለውን የክንውን መዝገብ ያነባል። አደጋ በደረሰ ጊዜም የተጠቃውን ክፍል ከቀረው ነጥሎ ሥራው እንዲቀጥል ያደርጋል። ይህ ሁሉ ትጋት፣ ሥርዓትና የለመደ እጅ ይጠይቃል። የለመደ እጅ ደግሞ በቃል ጥናት አይገኝም።

የዓለም ተሞክሮም ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ ክሊፎርድ ስቶል የተባለ ሰው በኮምፒዩተር አገልግሎት ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት እንዲያጣራ ታዘዘ። ይህ ሰው በትምህርቱ የከዋክብት ተመራማሪ እንጂ የደኅንነት ባለሙያ አልነበረም። ሌላው ሰው «ለ75 ሳንቲም!» ብሎ ባለፈው ነበር። እርሱ ግን ወደ መሥሪያ ቤቱ በሚገቡት መስመሮች ላይ ማተሚያ መሣሪያዎችን ቀጥሎ፣ የገባ የወጣውን እየመዘገበ፣ ወራት የፈጀ ክትትል አደረገ። በመጨረሻም የጉድለቱ ምክንያት በምዕራብ ጀርመን ሃኖቨር ከተማ ተቀምጦ የአሜሪካን ወታደራዊ ኮምፒዩተሮች የሚበረብር፣ ያገኘውንም ለውጭ የስለላ ድርጅት የሚሸጥ ማርኩስ ሄስ የተባለ ሰው መሆኑ ተደረሰበት። ከዚህ የምንማረው ትንሿን ጉድለት አለመናቅ የዘብነት መጀመሪያ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2016 ዘራፊዎች በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ መረብ ውስጥ ገብተው፣ ባንኩ በኒው ዮርክ ካስቀመጠው ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ለማዘዋወር ትእዛዝ ላኩ። ጊዜውን የመረጡት አስበውበት ነበር፤ በባንግላዴሽ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ በመሆኑ ትእዛዙ የተላከው ሐሙስ ማታ ነው። የዝውውር ማረጋገጫዎችን በራሱ ያትም የነበረው ማተሚያ በማግሥቱ ሥራ አቁሞ ተገኘ። የባንኩ ሠራተኞች ነገሩን እንደተለመደው ብልሽት ቆጠሩት። ወደ ስሪላንካ የተላከ 20 ሚሊዮን ዶላር በአንዲት ቃል የፊደል ግድፈት ምክንያት ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ 81 ሚሊዮን ዶላር ግን ወደ ፊሊፒንስ ተሻግሮ ተበተነ። የአገሪቱ ፖሊስ መርማሪ በወቅቱ እንደተናገሩት የባንኩ መረብ ፋየርዎል አልነበረውም፤ ኮምፒዩተሮቹም የተገናኙት በርካሽ አሮጌ ስዊቾች ነበር። እዚህ ላይ የጎደለው ሊቅ አልነበረም። የጎደለው ማተሚያው ሲቆም «ለምን ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ የሠለጠነ ዓይን ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ሆስፒታሎችን የሚመለከት በመሆኑ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ አጥፊ ሶፍትዌር በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ። በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች 19,000 ያህል የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። የሚያስቆጨው ነገር አጥፊው የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ በማይክሮሶፍት ኩባንያ የወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ነበር፤ የጠፋው ለበሽተኛው የሚያደርሰው እጅ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኸው ነው።

እነዚህን ሦስት ምሳሌዎች አንድ የሚያደርጋቸው ፍሬ ነገር አለ። በሦስቱም ቦታ ዕጣውን የወሰነው በሥራው ላይ የነበረው ሰው የዕለት ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ የሚሠራው በድግግሞሽና በተግባር ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ወደ ራሳችን ኮሌጆች እንመልስ።

በትምህርት ቤቶቻችን የሚታየው ተጨባጭ ሁኔታ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል አበረታች እርምጃዎች ተወስደዋል። በዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ሳይንስና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ተስፋፍቷል፤ በቴክኒክና ሙያ ዘርፍም ሃርድዌርና ኔትወርክ የሙያ መስክ ሆኖ ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች እየመለመለ በክረምት ያሠለጥናል። እነዚህ ሁሉ ሊናቁ አይገባም።

በሌላ በኩል ግን የመረቡን ሰባት ንብርብሮች በቅደም ተከተል በቃሉ የሚያነበንብ፣ ነገር ግን የኔትወርክ ገመድ ጫፍ ገጥሞ የማያውቅ ተመራቂ አለ። መሣሪያ እንዳይበላሽ ተብሎ የተቆለፈ ቤተ ሙከራ አለ፤ በውስጡ ያለው ኮምፒዩተር ሳይነካ ያረጃል፤ ተማሪውም ሳይነካው ይመረቃል። ለትብብር ሥልጠና ወደ መሥሪያ ቤት የተላከ ተማሪ ደብዳቤ ሲተይብና ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ወራቱ ያልቃል፤ በመጨረሻም «አጥጋቢ» የሚል ወረቀት በማኅተም ይሰጠዋል። ይኸው ተመራቂ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳው የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቀዋል። ልምድ የሚገኝበትን በር ዘግቶ ልምድ መጠየቅ፣ ወንዝ አጠገብ ያልደረሰን ልጅ «ለምን ዋና አልቻልክም?» ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

ይህ ቅራኔ በመፈክር አይፈታም፤ በሥራ ነው የሚፈታው። እኛ አስፈላጊ ናቸው የምንላቸውን እርምጃዎች በተራ እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ ቤተ ሙከራው ይከፈት። ለመረብ ደኅንነት ትምህርት እጅግ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች አርጅተዋል ብለው በየመጋዘኑ የከመሯቸው ኮምፒዩተሮች ጥቂቶቹ እንኳ፣ በውስጣቸው ያለው መረጃ በሚገባ ከጠፋ በኋላ፣ ከውጭው ዓለም የተነጠለ የልምምድ መረብ ለመሥራት ይበቃሉ። ሊኑክስ በነፃ ይገኛል። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ኮምፒዩተሮችን አስመስሎ የሚያሠራው ቨርቹዋልቦክስ፣ በመረቡ ውስጥ የሚመላለሰውን የሚያሳየው ዋየርሻርክ፣ ራውተርና ስዊች ሳይገዛ መረብ መዘርጋትን የሚያለማምደው ፓኬት ትሬሰር ለተማሪ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። በልምምድ የተበላሸ አሮጌ ኮምፒዩተር ኪሳራ አይደለም፤ የትምህርት ዋጋ ነው። ተቆልፎበት ሳይነካ ያረጀው አዲስ ኮምፒዩተር ግን በእርግጥ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈተናው እጅንም ይፈትን። የመውጫ ፈተናው ተማሪው ያነበበውን ይለካል፤ ይህም አስፈላጊ ነው። ከጎኑ ግን የተግባር ምዘና ሊቆም ይገባል። ተማሪው አንድ የተነጠለ መረብ ይሰጠው፤ ከክንውን መዝገቡ ውስጥ ሰርጎ የገባውን ያግኝ፤ ቀዳዳውን ይድፈን፤ የጠፋውን መረጃ ከመጠባበቂያ ቅጂ ይመልስ፤ የሠራውንም በጽሑፍ ያስረዳ። ይህን በአንድ ቀን ውስጥ የፈጸመ ተመራቂ ስለ ችሎታው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ የሥራ ላይ ልምምዱ እውነተኛ ይሁን። ሆስፒታሉ፣ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ፋብሪካው ተማሪውን ሲቀበል በጽሑፍ የተወሰነ ሥራ ይስጠው። የትኛውን መሣሪያ መንካት እንደሚችል፣ የትኛውን እንደማይችል፣ ማን እንደሚቆጣጠረው አስቀድሞ ይወሰን። ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ሞልቷል፤ በመሥሪያ ቤቱ ያሉትን መሣሪያዎች መቁጠርና መመዝገብ፣ ያልተጫኑ ማሻሻያዎችን ለይቶ ማሳወቅ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ እንደሚሠራ መፈተሽ ይቻላል። በዚህ መንገድ መሥሪያ ቤቱ ያልነበረውን ጥበቃ ያገኛል፤ ተማሪውም የሚጠየቀውን ልምድ ያገኛል።

አራተኛ፣ ተማሪው ሙያውን በሕዝቡ ቋንቋ ማስረዳት ይልመድ። ለገንዘብ ያዡ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ለሆስፒታሉ ካርድ ክፍል «ይህን ለምን አታድርጉ እንላለን?» የሚለውን በሚገባቸው ቃል ያላስረዳ ባለሙያ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ከውጭ እንደ ተወ ዘበኛ ነው። ጥቃት ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱና ዋነኛው የማሽን ቀዳዳ ሳይሆን የተታለለ ሰው ነውና። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚለው ስልክ የሚደወለው ለኮምፒዩተር አይደለም፤ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። የመጀመሪያው «የመስበሪያውን ዘዴ ለወጣት ማስተማር ሌባ ማፍራት ነው» የሚል ነው። ይህ ሥጋት መሠረት የለውም አንልም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ፕሮግራም ከተጠበቀው በላይ ተባዝቶ፣ በጊዜው ከነበሩት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች 6,000 ያህሉን እንዳሰናከለ ተገምቷል። ፍርድ ቤት በ1990 የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ወሰነበት። አሜሪካኖች ግን ከዚህ ተነሥተው ትምህርቱን አልዘጉም፤ ለአደጋ ጊዜ ፈጥኖ የሚደርስ አስተባባሪ ማዕከል በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። ሞሪስም ኋላ የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር ሆኗል። ዋናክራይን ያስቆመው የ22 ዓመቱ እንግሊዛዊ ማርከስ ሃቺንስም እንዲሁ በራሱ ጥረት ሙያውን የተማረ ወጣት ነበር። ይኸው ወጣት ቀደም ሲል በባንክ ደንበኞች ላይ ያነጣጠረ አጥፊ ሶፍትዌር መሥራቱን በ2019 በፍርድ ቤት አምኗል። አንድ እጅ፣ አንድ ዕውቀት፣ ሁለት ዓይነት ተግባር! ልዩነቱን የሚፈጥረው መሪና ሥርዓት ማግኘት ነው።

ዕውቀትን መደበቅ ታማኝነትን እንደማይወልድ የራሳችን አገር ተሞክሮም ያስረዳል። ከመጋቢት 6 ለመጋቢት 7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር በርካታ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ሁኔታው የሳይበር ጥቃት ውጤት አለመሆኑን አስታወቀ። ገንዘቡን ካወጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ጥሪ አደረጉ። በዚያች ሌሊት ገንዘብ ለማውጣት የመስበሪያ ዘዴ መማር አላስፈለገም፤ ካርድ ወይም ስልክ መያዝ ብቻ በቂ ነበር። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን «ይህ የእኔ አይደለም፤ የሕዝብ ነው» የሚል ኅሊና ነው። ስለሆነም መፍትሔው ትምህርቱን መሸሽ ሳይሆን ከትምህርቱ ጋር ኅሊናን ማነጽ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ይወቅ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሌላውን በር መንካት፣ ምንም ባይሰረቅ እንኳ፣ ወንጀል መሆኑን በሚገባ ይረዳ።

ከዚህ ጋር አያይዘን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዘብ የተሾመው ቤቱን እንዲጠብቅ እንጂ የቤቱን ሰዎች ደብዳቤ እንዲያነብ አይደለም። የመረብ ጠባቂ በሥራው ምክንያት የብዙ ሰው ምስጢር በእጁ ይገባል፤ የበሽተኛው ምርመራ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የጎረቤቱ ዕዳ ሁሉ ይታየዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን የዜጋ መብት ደንግጓል። ተማሪው ይህን አዋጅ ከፋየርዎል አሠራር እኩል ሊማረው ይገባል። ሕዝብ የሚፈራው ዘብ ሕዝብን አይጠብቅምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ብናሠለጥናቸውም ጥለውን ይሄዳሉ» የሚል ነው። የሚሄዱ መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ወጣቱ የሚሄድበትን ምክንያት ሳይመረምሩ ሥልጠናውን ማስቀረት፣ ውሃ እንዳይቀዱበት ብሎ ምንጭን እንደ መድፈን ነው። ባለሙያ የሚረጋው ሥራው ሲከበር፣ ደመወዙ ኑሮውን ሲችል፣ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሲኖርና የሚያድግበት ደረጃ ሲታየው ነው። የዘብ ደመወዝ ወጪ ነው የሚል መሥሪያ ቤት የባንግላዴሽን 81 ሚሊዮን ዶላር ያስታውስ። ደግሞም የምንፈልገው አገር በሙሉ የሚያደንቃቸው ጥቂት ጀግኖች ሳይሆኑ በየወረዳው፣ በየሆስፒታሉና በየፋብሪካው የተሰማሩ ብዙ ብቁ ሠራተኞች ናቸው። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ውኃ ሙሌት በተቃረበበት ወቅት፣ መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በመንግሥትና በግል ተቋማት ላይ የሰነዘሩት የሳይበር ጥቃት መክሸፉን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር አስታውቋል። ይህ ማዕከሉ መጠንከሩ ምን እንደሚጠቅም ያሳያል። ይሁን እንጂ አንድ ማዕከል የየመንደሩን በር ሊቆልፍ አይችልም። ጠላት የሚፈልገው የጠነከረውን በር ሳይሆን የተረሳውን መስኮት ነው።

እንግዲህ ከእኛ፣ ከሠራተኞችና ከአካባቢ ማኅበራት አባላት ምን ይጠበቃል? ብዙ ይጠበቃል። እድሩም ሆነ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበሩ የአባላቱን መዝገብ በኮምፒዩተር የያዘ እንደሆነ፣ በአቅራቢያው ካለው ኮሌጅ ጋር ተነጋግሮ፣ በመምህራቸው የሚመሩ ተማሪዎች አሠራሩን እንዲያዩለትና እንዲያርሙለት ማድረግ ይችላል። በአዳራሻችን ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ጽዳት እንደምንወያይ ሁሉ፣ አንድ የእሑድ ጠዋት ሰጥተን ተማሪዎቹ ስለ ምስጢር ቁጥር አጠባበቅና ስለ አታላዮች የስልክ ጥሪ ለአረጋውያን እንዲያስረዱ ልናደርግ እንችላለን። እናቶች ይጠቀማሉ፤ ተማሪው ደግሞ ሙያውን በሕዝቡ ቋንቋ መናገር ይለምዳል።

በመሥሪያ ቤት የምንገኝ ሠራተኞችም ለልምምድ የመጣውን ወጣት እንደ ተላላኪ መቁጠር እንተው። የምናውቀውን እናሳየው፤ ስንሳሳት ቢያርመን አንቆጣ። ያልሠራበትን «ሠርቷል» ብለን ማኅተም አንምታለት፤ የሐሰት ምስክር ወረቀት ነገ በሆስፒታላችን መረብ ላይ ያልሠለጠነ ዘብ ሆኖ ይመጣብናል። የይለፍ ቃላችንን በወረቀት ጽፈን ኮምፒዩተሩ ላይ የመለጠፍ ልማድም ይቅር። ማተሚያው ያለ ምክንያት ቢቆም፣ ሒሳቡ በ75 ሳንቲም ቢጎድል፣ «ምን አገባኝ» ብለን አንለፈው። ኃላፊዎችም ቢያንስ ለጥቂት ተመራቂዎች በዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ የሚቀጠሩበትን መደብ ይክፈቱ፤ ሁሉም ልምድ ያለውን ከፈለገ ልምድ የሚሰጥ አይኖርምና።

ለኮሌጅ ተማሪውም የምንለው አለን። የምስክር ወረቀት መደርደር ዘብ አያደርግም። መምህሩ ባይመጣ፣ ቤተ ሙከራው ቢዘጋ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተሰባስበህ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ፈትታችሁ ግጠሙ፤ የራሳችሁን ትንሽ መረብ ዘርጉ፤ ስበሩት፤ መልሳችሁ ጠግኑት። ያልተፈቀደላችሁን በር ግን አትንኩ። ቁልፍ የሚሰጠው እጁን ለሚያውቅና እጁን ለሚሰበስብ ሰው ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ኮምፒዩተር መረብ አልነበረም፤ ቃሉ ግን ዛሬም ይሠራል። ኮሌጁ ዕውቀቱን፣ መሥሪያ ቤቱ በሩን፣ ሠራተኛው ልምዱን፣ ማኅበሩ አዳራሹን፣ ወጣቱ ትጋቱን ሲያዋጡ ድሩ ይጠነክራል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ድሩ ይላላል፤ የላላውን ክር ፈልጎ የሚያገኘውም መጀመሪያ ወዳጅ ሳይሆን ሌባው ነው። ስለዚህ በመጪው የትምህርት ዘመን በየኮሌጁ የተቆለፈው ቤተ ሙከራ እንዲከፈት፣ በየመሥሪያ ቤቱም ለተማሪ የሚሆን እውነተኛ ሥራ እንዲዘጋጅ ዛሬውኑ በየማኅበራችንና በየሥራ ቦታችን አንሥተን እንወያይ፤ ወስነንም ተግባራዊ እናድርግ። ጎተራው የጋራችን ነው፤ ዘቡንም የምናሠለጥነው በጋራ ነው።